የዩኒቨርሲቲን ምርጫ በመጨረሻው ሰዓት ስለ መለወጥ

መግቢያ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ለብዙ ዓመታት የደከመበት ትምህርት ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሚያሻግረው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ሲሆን፣ ሁለተኛው ተማሪው ራሱ የሚሞላው የምርጫ ቅደም ተከተል ነው። ለመጀመሪያው መምህሩም፣ ወላጁም፣ ትምህርት ቤቱም ዓመታት ሙሉ ይዘጋጃሉ። ሁለተኛው ግን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ያለ በቂ ምክር ይፈጸማል። ከዚህም የተነሣ ቀነ ገደቡ ሲቃረብ የተሞላውን መሰረዝ፣ የመጀመሪያውን ምርጫ ወደ አምስተኛ፣ አምስተኛውን ወደ መጀመሪያ ማዛወር የተለመደ ነገር ሆኗል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው አባባል ለዚህ ሁኔታ የተነገረ ይመስላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመጨረሻ ሰዓት ምርጫን መለወጥ ከምን እንደሚመጣ፣ መቼ ጠቃሚ፣ መቼስ ጎጂ እንደሚሆን ማብራራት ነው። ለምሳሌነት የተወሰደው የደቡብ ወሎ ተማሪ፣ በተለይም የቢስቲማ ተማሪ ነው። ቢስቲማ የወረባቡ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ወረዳው በደቡብ ከቃሉ፣ በምዕራብ ከተሁለደሬ፣ በሰሜን ምዕራብ ከአምባሰል፣ በምሥራቅ ከአፋር ክልል ጋር ይዋሰናል። ከዚህች ከተማ ሆኖ የሚመርጥ ተማሪ በአካባቢው በርካታ አማራጮች አሉት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ይገኛል፤ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በዚያው በደቡብ ወሎ ነው፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን፣ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ በምሥራቅ ይገኛሉ። ስለሆነም ጥያቄው «የሚማርበት ተቋም አለ ወይ?» ሳይሆን «ካሉት የትኛው፣ በምን ምክንያት?» የሚል ነው።

ቀደም ባለው ዘመን ጥያቄው እንዲህ አልነበረም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ለዲግሪ የሚማር የወሎ ተማሪ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አሥመራ፣ ወደ ዓለማያ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር መሄድ ነበረበት። የተቋማቱ ቍጥር አነስተኛ ስለነበረ ተማሪው በዋናነት የሚያመነታው በትምህርት መስኩ ላይ ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቍጥር ከ40 በላይ ሆኗል። የወሎ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2007 ከተቋቋመ ወዲህ ቦታው ራሱ ትልቅ የምርጫ ጉዳይ ሆኖአል። ምርጫው ሲሰፋ ማመንታቱም አብሮ ሰፍቷል።

፩. ምርጫ የሚለወጥባቸው አራት ጊዜያት

«ምርጫ መለወጥ» ሲባል አንድ ነገር ይመስላል። በተግባር ግን አራት የተለያዩ ጊዜያት ስላሉ የእያንዳንዱን ዋጋ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ጊዜ ተማሪው ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲሸጋገር የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ የሚይዝበት ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ምርጫ በኋላ በሚሞላ ቅጽ አይታረምም፤ በማኅበራዊ ሳይንስ የተፈተነ ተማሪ ሕክምናን ሊመርጥ አይችልም።

ሁለተኛው ጊዜ ውጤት ከታወቀ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላበት ወቅት ነው። በቅርብ ዓመታት ይህ የሚፈጸመው በድረ ገጽ ነው። ቀነ ገደቡ እስኪያልፍ ድረስ የተሞላውን ማስተካከል በሚቻልበት ጊዜ ለውጡ ምንም ወጪ የለውም። ዋጋ የማይጠየቅበት በመሆኑ ግን ሳይታሰብ ይፈጸማል።

ሦስተኛው ጊዜ ምደባ ከተገለጸ በኋላ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀርበው ጥያቄ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ አቤቱታ ይሆናል። አቤቱታ ደግሞ እንደ ጤና ችግር ያለ በማስረጃ የተደገፈ ምክንያት ይጠይቃል፤ «ሐሳቤን ለውጫለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም። በሁለተኛው ጊዜ በነፃ ሊደረግ ይችል የነበረ ለውጥ እዚህ ላይ ብዙ ምልልስ፣ የትራንስፖርት ወጪና ምናልባትም የአንድ ዓመት መባከን ያስከትላል።

አራተኛው ጊዜ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ የትምህርት ክፍል የሚለይበት ነው። በ2012 ዓ.ም. ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የጋራ ኮርሶች መሰጠት ከጀመሩ ወዲህ የትምህርት ክፍል ምርጫ በአብዛኛው የሚደረገው በተቋሙ ውስጥ ነው። ይህም ለተማሪው የማሰቢያ ጊዜ ሰጥቶታል። ነገር ግን ተማሪው ሊመርጥ የሚችለው የገባበት ተቋም ከሚያስተምራቸው መስኮች ብቻ በመሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲመርጥ የነገውን የትምህርት ክፍልም አብሮ መምረጡ እንደሆነ መዘንጋት የለበትም። ለምሳሌ የወሎ ዩኒቨርሲቲን የመረጠ ሰው የሕክምናና የጤና ሳይንስ ትምህርት በደሴ፣ የምሕንድስናና የቴክኖሎጂ ትምህርት በኮምቦልቻ እንደሚሰጥ ማወቅ ይገባዋል። ስሙ አንድ ቢሆንም የሚኖርበት ከተማና የአየር ጠባዩ እንደ መስኩ ይለያያል።

፪. የምደባ አሠራርና የምርጫ ቅደም ተከተል

የመጨረሻ ሰዓት ለውጥ ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ ምደባ በምን ሥርዓት እንደሚፈጸም መረዳት ያሻል። በዓለም ላይ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች ሁለቱን በምሳሌ ማነጻጸር ይበቃል።

ሦስት ተማሪዎች አሉ እንበል። ተማሪ ሀ ከ600 ነጥብ 420፣ ተማሪ ለ 400፣ ተማሪ ሐ 380 አግኝተዋል። ሦስት ዩኒቨርሲቲዎችም እያንዳንዳቸው አንድ ቦታ ብቻ አላቸው፤ እነርሱንም የቅርቡ፣ የሩቁና ሦስተኛው ብለን እንጥራቸው። ሀ እና ለ የቅርቡን አንደኛ፣ የሩቁን ሁለተኛ አድርገዋል። ሐ የሩቁን አንደኛ አድርጓል። ሦስተኛውን ዩኒቨርሲቲ ሁሉም በመጨረሻ አስፍረውታል።

በመጀመሪያው ዘዴ «ምርጫ ይቀድማል»። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ የሚቀበለው አንደኛ አድርገው የመረጡትን ነው። የቅርቡ ሀን ይወስዳል፤ የሩቁ ደግሞ አንደኛ ያደረገውን ሐን ይወስዳል። ለ ወደ ሁለተኛ ምርጫው ሲመጣ ቦታው ተይዞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከሐ በ20 ነጥብ በልጦ ሳለ ወደ ሦስተኛው ይመደባል። በዚህ ዘዴ ለ የሌሎችን ሐሳብ አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ በመጨረሻው ሰዓት የሩቁን አንደኛ ማድረግ ይጠቅመው ነበር። የዚህ ዓይነት ሥርዓት ተማሪውን የሚወደውን ከመጻፍ ይልቅ የሌላውን ልብ ወደ መገመት ይገፋፋዋል።

በሁለተኛው ዘዴ «ውጤት ይቀድማል»። ተማሪዎች በውጤታቸው ይሰለፋሉ፤ ተራው የደረሰው ተማሪ ከዝርዝሩ ውስጥ ገና ካልሞሉት መካከል የበላዩን ያገኛል። ሀ የቅርቡን፣ ለ የሩቁን፣ ሐ ሦስተኛውን ይይዛሉ። እዚህ ላይ ለ በፍርሃት የሩቁን አንደኛ ቢያደርግ የሚያተርፈው ነገር የለም። እንዲያውም ሀ ሐሳቡን ለውጦ ከቅርቡ ቢወጣ፣ ለ ይወደው የነበረውን ቦታ በገዛ እጁ ያጣል። ውጤት በሚቀድምበት ሥርዓት የሚወዱትን በሚወዱት ቅደም ተከተል መጻፍ ምንጊዜም የተሻለ ነው።

የዚህ ጥናት መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1962 ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ስለ ኮሌጅ ቅበላ ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ ሲሆን፣ ሻፕሊ ከአልቪን ሮዝ ጋር በዚሁ የጥናት መስክ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በአገራችን የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ውጤትንና ምርጫን መሠረት ያደርጋል፤ ከዚህም ጋር ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው አካባቢዎች ተማሪዎች ድጋፍ ሲደረግ ቈይቷል። ለተማሪው የሚሰጠው ምክር የሚወሰነው ውጤት ምን ያህል እንደሚቀድም በማወቅ ነው። ደንቡ በግልጽ በተነገረ መጠን የመጨረሻ ሰዓት ግምት ይቀንሳል።

፫. ምርጫን የሚያስለውጡ ምክንያቶች

ምክንያቶቹ ብዙ ቢሆኑም በሁለት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። አንዱ ወገን አዲስ ዕውቀት ሲሆን፣ ሌላው ፍርሃትና ወሬ ነው።

አዲስ ዕውቀት ከሚባሉት መካከል የመጀመሪያው የውጤቱ መታወቅ ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ የማይሞሉ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መጠኑ በ2016 ወደ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ በቀደሙት ዓመታት ስለ መቍረጫ ነጥብ ሲነገር የነበረው ልምድ ዋጋ ያጣል። በቀጥታ የሚያልፈው ተማሪ ጥቂት በመሆኑ፣ ተፈላጊነታቸው እጅግ ከፍ ካለ መስኮች በቀር፣ «አይደርሰኝም» ብሎ የሚወዱትን ተቋም ወደ ታች ማውረድ ምክንያቱ ደካማ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራምም ከማለፊያው በታች ላመጡት ሌላ መንገድ ከፍቷል። ሆኖም ታላቅ ወንድሙ ከአምስት ዓመት በፊት የነገረውን ይዞ የሚመርጥ ተማሪ ይህን ሁሉ ላያውቅ ይችላል።

ሁለተኛው አዲስ ዕውቀት የተቋማቱ አሠራር መለወጥ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪዎቹን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይቀበላል። ስለዚህ ወደዚያ መግባት የሚሻ ተማሪ ሌላ የምዝገባ ጊዜ መከታተል አለበት። ይህን በመጨረሻው ሳምንት የሚሰማ ሰው ምርጫውን ቢለውጥም ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል።

ሦስተኛው የጸጥታ ሁኔታ ነው። የደቡብ ወሎ ተማሪ ይህን በሩቅ የሚሰማ ሳይሆን የኖረበት ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብተው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቈይተዋል። ብሔራዊ ፈተናው በሌሎች አካባቢዎች የተሰጠው በዚያው ሰሞን ስለነበረ፣ ጦርነቱ የደረሰባቸው አካባቢዎች ተማሪዎች በኋላ በሁለተኛ ዙር ተፈትነዋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲም ንብረቱ ተዘርፎና ወድሞ ነበር። ለቢስቲማ ተማሪ የቅርቡ ተቋም የተባለው በአንድ ወቅት ውስጥ ከተመራጭነት ወደ አጠያያቂነት ተለወጠ። ከዚያ አስቀድሞ በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተቀሰቀሰው ግጭት የተማሪዎች ሕይወት በመጥፋቱ ብዙዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደየቤታቸው መመለሳቸው ይታወሳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት ምክንያት የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን የጠሩት ዘግይተው ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ወላጅ ልጁን «ሩቅ አትሂድ» ወይም «ቅርቡን ተወው» ቢል እንደ ወላዋይነት ሊቈጠርበት አይገባም።

በሌላው ወገን የሚገኙት ምክንያቶች ግን ዕውቀት አይጨምሩም። «ዘንድሮ እገሌ ዩኒቨርሲቲ ነጥቡ ወርዷል» የሚል ምንጩ ያልታወቀ ወሬ በቴሌግራም ይሠራጫል። ጓደኛ ስለለወጠ አብሮ መለወጥ አለ። የዩኒቨርሲቲው ስም መግነን ብቻ ይስባል። የእነዚህ ሁሉ መለያ አንድ ነው፤ ተማሪው ትናንት ያላወቀውን ዛሬ አላወቀም፤ ዛሬ ግን ትናንት ያልፈራውን ፈርቷል።

ከሁለቱም ወገን ውጪ የሆነ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ እርሱም ለመለወጥ የሚያስችለው ዕድል እኩል አለመሆኑ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መስመር በተቋረጠበት ቀን የወረዳ ከተማ ተማሪ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ደሴ ሄዶ ቅጹን መሙላት ይኖርበታል። ከተማ የሚኖረው ተማሪ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሲያስተካክል፣ የገጠሩ ተማሪ አንድ ጊዜ የሞላውን ይዞ ይቀራል፤ ወይም ቅጹን ለሌላ ሰው አደራ ሰጥቶ ያስሞላል። የምስጢር ቍጥሩን ለሌላ የሰጠ ተማሪ ምርጫው ሳያውቀው የሚለወጥበት አጋጣሚም ይፈጠራል።

፬. የሌሎች አገሮች ልምድ

በመጨረሻ ሰዓት ምርጫን መለወጥ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። አገሮች ለዚህ የሰጡት መልስ ግን የተለያየ ነው።

በኬንያ ምደባውን የሚያካሂደው እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የዩኒቨርሲቲዎች ሕግ የተቋቋመው ማዕከላዊ የምደባ መሥሪያ ቤት ነው። በዚያ አሠራር ተማሪው ውጤቱን ካወቀ በኋላ ምርጫውን የሚከልስበት የታወቀ ወቅት ይከፈታል፤ ያለፈው ጊዜ ዝቅተኛ የመግቢያ ነጥብም በየትምህርት መስኩ ይገለጻል። በዚህ ምክንያት ለውጡ በድብቅ የሚደረግ ሽሽት መሆኑ ቀርቶ በሥርዓት የሚፈጸም ክለሳ ሆኗል።

ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2010 በዘረጋችው የቅበላ ሥርዓት ምዝገባው ለተወሰኑ ቀናት ክፍት ሆኖ ይቈያል፤ በየዕለቱም የየመስኩ ጊዜያዊ መቍረጫ ነጥብ ይወጣል። ተማሪው ይህን እያየ እስከ መጨረሻው ቀን ሊለውጥ ይችላል። የቻይናዋ የውስጥ ሞንጎሊያ ክልልም ተማሪው በቀጥታ ደረጃውን እያየ የሚለውጥበት አሠራር ነበራት። እዚያ የታየው ችግር ሁሉም የመጨረሻዋን ደቂቃ መጠበቁ ስለነበረ፣ ቀነ ገደቡ እንደ ውጤት ደረጃው በየቡድኑ እንዲለያይ ተደርጓል። በሌሎች የቻይና ክፍላተ ሀገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አንሥቶ፣ ከሁናን በመጀመር፣ ምርጫ ይቀድማል ከሚለው ዘዴ ወደ ትይዩ ምርጫ ዘዴ መሸጋገር ተጀመረ። ዓላማውም ከፍተኛ ውጤት ያለው ተማሪ በአንድ የተሳሳተ ግምት ብቻ እንዳይወድቅ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ለውጥን መከልከል መፍትሔ አለመሆኑ ነው። መፍትሔው ለውጡ በተሟላ መረጃ፣ በታወቀ ጊዜና ለሁሉም እኩል በሆነ ዕድል እንዲፈጸም ማድረግ ነው።

፭. የመምህሩ ድርሻ

መምህሩ ተማሪውን «ይህን ምረጥ» ሊለው አይገባም። ሊያስጠይቀው የሚገባው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ከትናንት ወዲህ ምን አዲስ ነገር ዐወቅህ?» መልሱ የታወቀ ውጤት፣ በይፋ የወጣ ማስታወቂያ፣ የጤና ወይም የቤተሰብ ሁኔታ መለወጥ ከሆነ ምርጫውን ማስተካከል ብልኅነት ነው። መልሱ «ሰዎች እንዲህ ይላሉ» ከሆነ ግን ቢያንስ አንድ ቀን መታገሥ ይሻላል።

ይህ እንዲሆን ምርጫው ከውጤቱ በፊት መጀመር አለበት። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመጀመሪያ መንፈቅ ዓመት እያንዳንዱ ተማሪ የሚፈልጋቸውን የትምህርት መስኮች፣ መስኮቹ የሚሰጡባቸውን ዩኒቨርሲቲዎችና የመረጠበትን ምክንያት በደብተሩ ቢጽፍ መልካም ነው። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ይህንኑ ይዞ ከወላጆቹ ጋር ይመክርበታል። ወላጅ ስለ ርቀት፣ ስለ ወጪ ወይም ስለ ሴት ልጁ ደኅንነት የሚያነሣው ስጋት በዚህ ጊዜ ቢሰማ፣ በመጨረሻው ሌሊት በቍጣ መልክ አይመጣም። ውጤት ሲገለጽ የሚቀረው የተዘጋጀውን ዝርዝር ከውጤቱ ጋር ማገናዘብ ብቻ ይሆናል። ተማሪው የምስጢር ቍጥሩን ራሱ እንዲይዝና የሞላውን ቅጽ አትሞ እንዲያስቀምጥ ማስገንዘብም የመምህሩ ተግባር ነው።

፮. የፕላን አውጪው ድርሻ

በመምህሩ ምክር ብቻ የማይፈታው ክፍል የአስተዳደሩ ነው። በዚህ ረገድ አራት ነጥቦች ሊታሰብባቸው ይገባል።

ሀ) የምደባው ደንብ፣ ውጤትና ምርጫ በምን ቅደም ተከተል እንደሚታዩ፣ በቀላል አማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች፣ ከምሳሌ ጋር ለየትምህርት ቤቱ ቢደርስ ግምት በዕውቀት ይተካል።

ለ) ያለፈው ዓመት ዝቅተኛ መግቢያ ነጥብ በየተቋሙ ቢገለጽ ወሬ ቦታ ያጣል።

ሐ) የምርጫው ጊዜ ሲወሰን የኢንተርኔት መስመር የሌለባቸውን ወረዳዎች ታሳቢ ያደረገ መሆን ይኖርበታል። መስመር ሲቋረጥ ትምህርት ቤቱ ወይም የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቅጹን በወረቀት ተቀብሎ የሚያስተላልፍበት መንገድ አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባል።

መ) ምርጫቸውን የሚለውጡና ከምደባ በኋላ አቤቱታ የሚያቀርቡ ተማሪዎች ምክንያታቸው በዓይነት እየተለየ ቢመዘገብ፣ በሚቀጥለው ዓመት የትኛው ችግር አስቀድሞ መፈታት እንዳለበት ይታወቃል። ርቀት ነው? ጸጥታ ነው? የመስክ አለመኖር ነው? ወይስ የመረጃ ማነስ? የእያንዳንዱ መፍትሔ የተለያየ ስለሆነ በአንድ ስም መጥራት አይጠቅምም።

ማጠቃለያ

ምርጫን በመጨረሻ ሰዓት መለወጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። አዲስ ዕውቀት ያመጣው ለውጥ የተማሪውን ዕድል ያሰፋል፤ ፍርሃት ያመጣው ለውጥ ግን የለፋበትን ውጤት ያባክናል። ሁለቱን ለመለየት የሚያስችለው ጊዜ የሚገኘው ዝግጅቱ ከቅጹ መከፈት በፊት ሲጀመር ነው። ከቢስቲማም ሆነ ከደሴ የሚመርጥ ተማሪ እኩል መረጃና እኩል ጊዜ ሲያገኝ፣ በመጨረሻው ሰዓት የሚቀረው ሥራ የተመከረበትን ዝርዝር አንድ ጊዜ መርምሮ ማጽደቅ ብቻ ይሆናል።